ጥሩ አጭር ልቦለድ በምን ይታወቃል?

አንድ አጭር ልቦለድ አንብቦ «ግሩም ነው» ማለት ቀላል ነው። መጨረሻው አስደንግጦን ወይም ቋንቋው ጥሞን ሊሆን ይችላል። ግሩሙን ከደህናው የሚለየው ግን ሁለተኛው ንባብ ነው። መጨረሻውን እያወቅን ስንመለስበት ያላየነውን የሚያሳየን ከሆነ በርግጥም በደንብ ተሠርቷል። ተማሪ ሳለን የሸመደድናቸው ሴራ፣ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት፣ አንጻርና ጭብጥ የሚጠቅሙን ያኔ ነው፤ እያንዳንዳቸው ለድርሰቱ የምናቀርበው ጥያቄ ይሆናሉ።

ለማሳያ ፈረንሳዊው ጊ ደ ሞፓሳ እ.ኤ.አ. በ1884 ያሳተመውን «ሐብሉ» የተሰኘ አጭር ልቦለድ እንውሰድ። የትምህርት ሚኒስቴር ጸሐፊ ሚስት የሆነችው ማቲልድ ለአንድ ግብዣ ከሀብታም ጓደኛዋ የአልማዝ ሐብል ትዋሳለች። ሐብሉ ይጠፋል። ባልና ሚስቱ ተመሳሳዩን በ36,000 ፍራንክ ገዝተው ይመልሱና ዕዳውን ለመክፈል ዐሥር ዓመት በድህነት ይማቅቃሉ። በመጨረሻ ማቲልድ የጠፋው ሐብል ሐሰተኛ እንደነበር፣ ዋጋውም ቢበዛ 500 ፍራንክ እንደሆነ ትሰማለች።

ሴራ፦ ታሪክ ምን እንደሆነ ይነግረናል፤ ሴራ ለምን እንደሆነ። ስለዚህ አስቀድመን የምንፈትሸው አንዱ ድርጊት ሌላውን መውለዱን ነው። ማቲልድ ከግብዣው ስትወጣ ባሏ ከቤት ያመጣላትን ተራ መደረቢያ ትከሻዋ ላይ ጣል ያደርግላታል። ውድ የፀጉር ካባ የደረቡት ወይዛዝርት እንዳያዩዋት ትሸሻለች፤ ባሏ ጋሪ እስኪጠራ እንኳ ሳትታገሥ ደረጃውን ተቻኩላ ትወርዳለች። በብርድ ወደ ሴን ወንዝ በእግራቸው ወርደው አንድ አሮጌ ጋሪ ያገኛሉ። ቤት ስትደርስ አንገቷ ባዶ ነው። ጥድፊያውን የወለደው እፍረት ነው፤ እፍረቱን የወለደው ደግሞ ከመጀመሪያው ገጽ አንሥቶ የምናውቀው ጠባይዋ። አጋጣሚ ችግር ሲፈጥር አንባቢ ይታገሣል። አጋጣሚ ችግሩን ሲፈታው ግን ደራሲው ሥራውን ሳይጨርስ ተነሥቷል ማለት ነው።

ንግር፦ ወደፊት የሚመጣውን ሳያሳብቅ የሚጠቁም ነገር ነው። ባልና ሚስቱ ተመሳሳይ ሐብል ፍለጋ ሲወጡ ስሙ በመያዣው ሣጥን ውስጥ ወደተጻፈው ጌጥ ሻጭ ይሄዳሉ፤ ሰውየው ሣጥኑን እንጂ ሐብሉን እንዳልሸጠ ይነግራቸዋል። አዲሱ ሐብል ሲመለስም የማቲልድ ጓደኛ ሣጥኑን ከፍታ አታይም። በመጀመሪያው ንባብ ሁለቱንም ሳናስተውል እናልፋቸዋለን፤ በሁለተኛው ግን ምስጢሩ ዐይናችን ሥር እንደነበር እናያለን። ያለ ንግር የመጣ አስደንጋጭ መጨረሻ ማታለል ነው።

አንጻር፦ ማን ያያል? ምን ያህልስ ያውቃል? የ«ሐብሉ» ተራኪ ከማቲልድ ጎን አይርቅም፤ ጓደኛዋ ልብ ውስጥ አይገባም። ቢገባ ኖሮ ድርሰቱ በመሀሉ ያልቅ ነበር። ዊልያም ፎክነር እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተመው «ጽጌረዳ ለኤሚሊ» ውስጥ ደግሞ የሚተርከው «እኛ» የሚል የከተማ ሕዝብ ነው። ይህ «እኛ» ስለ ኤሚሊ ዕድሜ ልኩን ያወራል፤ የተዘጋውን የፎቅ ክፍሏን የሚያየው ግን ከቀብሯ በኋላ ነው። ሐሜት ብዙ እየተናገረ ጥቂት እንደሚያውቅ ያሳየን የአንጻሩ ምርጫ ነው። በጥሩ ድርሰት ተራኪውን ብንለውጥ ታሪኩም ይለወጣል።

ገጸ ባሕርይ፦ ደራሲው «ራስ ወዳድ ነበር» ቢለን ወዲያው እንረሳዋለን። አንቶን ቼኮቭ እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተመው «ባለ ውሻዋ ሴት» ውስጥ ባለ ውሻዋ አና ከፍቅር በኋላ በጸጸት ተውጣ ስትቀመጥ ፍቅረኛዋ ጉሮቭ ጠረጴዛው ላይ ካለው ሐብሐብ ቆርሶ ቀስ እያለ ይበላል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቃል አይወጣቸውም። የጉሮቭን ልብ ለማወቅ ሌላ ማብራሪያ አያሻንም። ደግሞም ይህ ሰው ኋላ ከምር በፍቅር ሲወድቅ ምን ያህል እንደተለወጠ የምንለካው ከዚያች ቁራጭ ሐብሐብ ተነሥተን ነው።

ምልልስም በዚሁ ዐይን ይታያል። ወንድም ለወንድሙ «እንደምታውቀው አባታችን ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው» ካለ እየተናገረ ያለው ደራሲው ነው። ሰው የሚያውቀውን ለሚያውቀው እንዲህ አይነግርም።

መቼት፦ ፈተናው አጭር ነው፤ ቦታውንና ጊዜውን ቀይሩት። ምንም ካልተናጋ መቼቱ ጌጥ ብቻ ነበር። የቼኮቭ ታሪክ ማንም ማንንም በማያውቅበት በያልታ መዝናኛ ተጀምሮ የጉሮቭ ሚስትና ልጆች ወዳሉበት ወደ ሞስኮ ይሻገራል። ግጭቱ የሚከርረው በዚህ መሻገር ነው።

ጭብጥ፦ ከምክር ይለያል። «ሐብሉ» ስለ ከንቱ ምኞት ነው ብንል አልተሳሳትንም፤ ነገር ግን ማቲልድ ዕዳዋን በጽናት ስትከፍል እናከብራታለን፤ እውነቱን ለጓደኛዋ በጊዜው ብትነግራት ኖሮ እያልንም እንቆጫለን። በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅልሎ የሚያልቅ ጭብጥ ያለው ድርሰት ስብከት ሆኖ ይቀራል። ልቀትም፣ ማለትም የሴራው መቋጫ፣ የግድ መፍትሔ አይደለም። ቼኮቭ ሁለቱን ፍቅረኞች ከነችግራቸው ትቷቸው ይሄዳል፤ ሆኖም ታሪኩ ጎደለ አንልም፤ ወደ ኋላ መመለስ እንደማይችሉ ተረድተናልና።

እነዚህን ጥያቄዎች ይዛችሁ ወደ አማርኛው መደርደሪያ ሂዱ። ለአጭር ልቦለዳችን መንገድ ከጠረጉት አንዱ የሆነውን የታደሰ ሊበንን «መስከረም»፣ የስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን «አምስት ስድስት ሰባት»፣ የአዳም ረታን «ማህሌት» አንሡ። ከየመድበሉ አንድ ታሪክ ምረጡና ሁለት ጊዜ አንብቡት፤ መጀመሪያ ለደስታችሁ፣ ቀጥሎ ለፍርዳችሁ። ሁለተኛው ንባብ ከመጀመሪያው የበለጠ ካስደሰታችሁ፣ ሌላ ምስክር ሳትፈልጉ ጥሩ ሥራ ነው በሉ።