ላፕቶፑ ሊገኝ አልቻለም

ከመሥሪያ ቤት ዕቃ ሲሰረቅ በምን አማርኛ እንደምንጽፈው ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? «ተሰረቀ» ማለት ነውር ነው። «ጠፋ» ነው የሚባለው። ነገሩ ጠንከር ካለ ደግሞ «ተሰወረ» ይባላል፤ ላፕቶፕ እንደ ጻድቅ! ከዚያ ደብዳቤ ይጻፋል፣ አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ኮሚቴውም ሰነባብቶ «ላፕቶፑ ሊገኝ አልቻለም» ብሎ ይፈርማል። እስቲ ሰዋስው የተማረ ይንገረኝ፤ የዚህ ዐረፍተ ነገር ባለቤት ማን ነው? ላፕቶፑ ነዋ። ፈላጊ የለም፣ ወሳጅም የለም። እምቢ ብሎ ያልተገኘው ራሱ ላፕቶፑ ነው። ዕቃው ባለቤት አጥቶ ሲያበቃ ዐረፍተ ነገሩ ላይ ባለቤት ሆነ።

ለረጅም ዓመታት ሥነ ጽሑፍ አስተምሬያለሁ። ሥራውን ብተወውም አመሉ አልለቀቀኝም፤ እጄ የገባ ወረቀት ሁሉ፣ የመብራት ቢልም ይሁን የዕድር ቃለ ጉባኤ፣ እንደ ድርሰት ካላነበብኩት ዕረፍት የለኝም። በዚህ ዓይን ሲታይ የአጣሪ ኮሚቴ ሪፖርት ራሱን የቻለ ዘውግ ነው። አጀማመሩ የታወቀ ነው፤ በቁጥር ይህን ያህል፣ በቀን ይህን ያህል በተጻፈ ደብዳቤ። ገጸ ባሕርያቱም የታወቁ ናቸው፤ ዘበኛ፣ ጸሐፊ፣ የጽዳት ሠራተኛ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት። ኃላፊው ገጸ ባሕርይ ሆኖ አያውቅም፤ እሱ ተራኪው ነው። ታሪኩም አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ቁልፉ ማን ጋ ነበር?

ስሙን በማልጠራው አንድ ኮሌጅ ሳስተምር ከትምህርት ክፍላችን ቢሮ አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሮጀክተር ተወሰደ። ኮሚቴው ሰባት ገጽ ሪፖርት ጻፈና «መምህር፣ አማርኛውን አየት አድርግልን» ተብሎ ለእኔ መጣ። ስለ ሌሊቱ ዘበኛ ብቻ ሁለት ገጽ ተኩል ተጽፏል። በስንት ሰዓት ተረከቡ፣ በስንት ሰዓት ዞሩ፣ ዝናብ ሲጥል የት ተጠለሉ፣ ከዚህ በፊትስ ማስጠንቀቂያ ነበረባቸው ወይ። ሰውዬው ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው አዛውንት ናቸው። ስለ ላፕቶፑስ? «ጥቁር ላፕቶፕ ኮምፒውተር፣ ብዛት 1»። ፕሮጀክተሩማ ቀለም እንኳ አልተሰጠውም።

መለያ ቁጥሩን ብጠይቅ ንብረት ክፍሉ የለጠፈበትን ቁጥር ነገሩኝ። ይሄ እንግዲህ እኛ ያወጣንለት የቤት ስም ነው፤ ሌባ በጥፍሩ ልጦ ይጥለዋል። ፋብሪካው ያወጣለት የክርስትና ስሙ፣ ማለትም ሲሪያል ቁጥሩ፣ ሆዱ ሥር ተጽፏል። ከሆዱ ቢፋቅ እንኳ የታወቁት ኩባንያዎች በሚሠሯቸው ላፕቶፖች ላይ ባዮስ በሚባለው ውስጥ ተመዝግቦ ይቀራል፤ ማሽኑን ከፍቶ የሚያውቅ ሰው ያነበዋል። ዴል «ሰርቪስ ታግ» የሚለው ሰባት ፊደልና አኃዝ ነው፤ ዕቃው ሲመጣ ገልብጦ ደብተር ላይ ለማስፈር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ሲያመለክቱ መርማሪው መጀመሪያ የጠየቃቸው እሱን ነበር አሉ። የቤት ስሙን ሰጥተውት ተመለሱ።

የሚገርመው ግን ቁጥሩ ከቢሮው አልወጣም ነበር። ላፕቶፑ የመጣበት ካርቶን ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ ሥር፣ የአሮጌ ፈተና ወረቀት ማስቀመጫ ሆኖ ተቀምጧል፤ ጎኑ ላይ ከነባርኮዱ ታትሟል። ገልብጬ ለኮሚቴው ሰብሳቢ ወሰድኩለት።

«አሁንማ ተፈርሞበታል» አለኝ።

ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ከዘበኛው ደመወዝ ይቆረጥ ጀመር። «አባባ፣ አቤት አይሉም እንዴ?» ብላቸው፣ «መምህር፣ ዕቃው ካልተገኘ ማን ይሰማኛል?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ዕቃውን ደግሞ የሚፈልገው የለም፤ የሚከፍልለት ሰው ተገኝቷላ! የተጻፈው የዕቃው ዋጋ በዘበኛው ዕዳ ተተካ፤ ሒሳቡ ዜሮ መጣ፤ ፋይሉ ተዘጋ።

አገር ቤት በሬ የተሰረቀበት ገበሬ እንዲህ አያደርግም። «ጥቁር በሬ፣ ብዛት 1» ብሎ የሚያመለክት ገበሬ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ግንባረ ቦቃ ነው ይላል፤ ግራ ቀንዱ ቆልመም ያለ፣ ቀኝ ጆሮው ስንጥቅ፣ ሲራመድ የኋላ እግሩን የሚጎትት። ከዚያ ዘመድ ጎረቤቱን አስከትሎ ዱካውን ይዞ ይወርዳል። ገበያ ለገበያ የሚጠይቅለት ሰው ይልካል። ሌባው ማንም ይሁን ማን፣ መጀመሪያ በሬው! ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ንብረቱን ከእኛ የተሻለ ይገልጻል ማለት ነው፤ እኛ ደግሞ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ይዘን፣ ለዕቃው መግለጫ የተተወውን ቦታ «ላፕቶፕ» ብለን ሞልተን እናልፋለን።

እርግጥ የጥንቱም ቢሆን ሁሉ ጥሩ አልነበረም። ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር፤ አንዱን ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ይለቁታል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። አፈርሳታም ነበር፤ አውጫጭኝ የሚሉትም አሉ። መንደሬው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ሌባውን እስኪያወጣ ድረስ ይቀመጣል፤ የቀረ ይቀጣል። ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በዚሁ ስም በእንግሊዝኛ የጻፈው ልብ ወለድ አለ። ጎጆው የተቃጠለበት ሰው አለ፣ መንደሬው ለአፈርሳታ ይሰበሰባል፣ ይጠየቃል፣ ይማላል። ተማሪዎቼ መጽሐፉን ሲያነቡ «ሌባው እስከ መጨረሻው አልተያዘምኮ!» እያሉ ቅር ይላቸው ነበር፤ የወንጀል ልብ ወለድ መስሏቸው። እኔ ግን የመጽሐፉ ጉልበት እዚያ ላይ ይመስለኛል። ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ስለ ሰው ይነጋገራል፤ መንደሩ ራሱን ያያል። አፈርሳታው ቢያንስ ያ ጥቅም ነበረው፤ አለቃውም ጭሰኛውም አንድ ሜዳ ላይ ይቀመጣሉ። የእኛ ኮሚቴ ወደ ሌባ ሻይ ነው የሚቀርበው። እየተንገዳገደ ይሄድና ሁልጊዜ ዘበኛው ቤት ላይ ይወድቃል።

ቆጠራችንም ያው ነው። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ቆጣሪዎች ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ይዞራሉ። ኮምፒውተር? አለ። ምልክት ያደርጋሉ። ማተሚያ? አለ። ምልክት። የኮምፒውተሩ ሆድ ተከፍቶ ከሁለቱ ሚሞሪ አንዱ እንደወጣ፣ ሃርድ ዲስኩ በትንሽ እንደተተካ ማን ያያል? ቆርቆሮው ቦታው ላይ እስካለ፣ ተለጣፊው እስካለ፣ ንብረቱ «አለ»። ከዚህ የበለጠ ምቹ ሌብነት የት ይገኛል? ዕቃው ሳይጠፋ ይሰረቃል።

ሕጉ የለም እንዳትሉኝ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሰረቀውን ብቻ ሳይሆን የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛውንም ይቀጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ዕቃ የተሰረቀበት ሰው ንብረቱን ከያዘው ሰው እጅ የሚጠይቅበትን መንገድ አስቀምጧል። ሁለቱም ግን «ይህ የእኔ ነው» ብሎ ለይቶ የሚያሳይ ሰው ይፈልጋሉ። የመሥሪያ ቤት ተለጣፊ እዚህ ላይ ብዙም አያድንም። መሥሪያ ቤቶች ያገለገለ ዕቃ በጨረታ ይሸጣሉ፤ የተጫረተው ነጋዴ ከነተለጣፊው ወስዶ ይቸረችራል፤ ሕጋዊ ነው። እና የመሥሪያ ቤት ቁጥር የተለጠፈበት ላፕቶፕ ገበያ ላይ ብታዩ ምን ትላላችሁ? ሻጩ «ከጨረታ ነው» ይላችኋል፤ እውነቱን ሊሆንም ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ ላፕቶፕ ውስጥ አንድ ባልደረባዬ ከጎጃም ገጠር ለዓመታት የሰበሰበው ቃል ግጥም ነበረ። ድምፃቸውን ከቀዳቸው አዛውንቶች ከፊሎቹ አርፈዋል። ሪፖርቱ ውስጥ ይሄ አንድ መስመር አላገኘም፤ ሞዴል 22 ላይ ስለሌለ። ባልደረባዬ ብዙ ቅዳሜዎችን ምናለሽ ተራና ያገለገለ ኮምፒውተር በሚሸጥበት ሁሉ ሲዞር ከረመ። ከኮሌጁ ሰው ዕቃውን የፈለገው እሱ ብቻ ነበር። ልክ እንደ ገበሬው ምልክት ይናገራል፤ ግራ ማጠፊያው ላላ ያለ ነው፣ «ኤ» የምትለዋ ቁልፍ ተፍቃ ጠፍታለች፣ ከክዳኑ ጥግ ላይ ስንጥቅ አለ። ነጋዴዎቹ አብዛኞቹ ደጎች ነበሩ፤ ያዳምጡታል። «ጋሼ፣ ይሄማ ሁሉ ይቀየራል፤ ቁጥሩን የለዎትም?» አለው አንዱ ወጣት። ካርቶኑ ላይ ያገኘነውን ሰጠው። ልጁ ወስዶ መደርደሪያው ጠርዝ ላይ በማርከር ጻፈው፤ ከጽሕፈቱ በላይ ሌሎች ሦስት ቁጥሮች ነበሩ።