ጆሮ ይቀድማልን? በፅንስ እድገት ላይ በሚቀርብ አንድ ማስረጃ ላይ የተሰነዘረ ሂስ

በኹጥባና በደርስ ላይ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ማስረጃ አለ። ቁርኣን በሙእሚኑን 78፣ በሰጅዳ 9 እና በሙልክ 23 መስማትን ከማየት አስቀድሞ ይጠቅሳል፤ በፅንስም ጆሮ ከዓይን ቀድሞ ይፈጠራል፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሳይንሳዊ ተአምር ነው ይባላል። ሞሪስ ቡካይ በ1976 እ.ኤ.አ. የታወቀውን መጽሐፉን ካሳተመ ወዲህ ይህን መሰሉ አቀራረብ በሰፊው ተለምዷል። የተናጋሪዎቹን ቅን ዓላማ አልጠራጠርም፤ ማስረጃው ግን በሁለቱም እግሩ ያነክሳል።

በመጀመሪያ ፅንሱን እንመልከት። በአራተኛው ሳምንት መግቢያ፣ በ22ኛው ቀን ገደማ፣ የአንጎል መነሻ ገና ሳይዘጋ በግራና በቀኝ ሁለት የዓይን ስርጉዶች ይታያሉ። የውስጥ ጆሮ መነሻ የሆነው ወፈር ያለ ሽፋንም ብቅ የሚለው በዚያው ሳምንት ነው። ጉዳዩን ወደ ጂኖች ካወረድነው «መጀመሪያ» የሚለው ቃል ይበልጥ ይርቃል። ስርጉዱ ከመታየቱ በፊት ፓክስ6፣ ሲክስ3 እና ራክስ የተባሉት ጂኖች በጠፍጣፋው የነርቭ ሰሌዳ የፊት ጫፍ ሥራ ጀምረው ዓይን የሚወጣበትን መስክ ለይተዋል። ኋላ ዓይኑ ጽዋ መስሎ ሲታጠፍ ቪኤስኤክስ2 በውስጠኛው ግድግዳ ሚትፍ የተባለውን ጂን ይገታል፤ ያ ወገን ሬቲና ይሆናል። ሚትፍ ሳይገታ የቀረበት ውጨኛው ግድግዳ ደግሞ ባለ ቀለም ሽፋን ይሆናል። ታዲያ «ተፈጠረ» የምንለው የትኛውን ነው? ጂኑ ሲነቃ? ስርጉዱ ሲታይ? ወይስ ብርሃን ሲለይ? በሥራ ረገድ ከሆነ በእርግጥ መስማት ይቀድማል፤ ፅንስ በማሕፀን ሳለ ድምፅ ይሰማል፤ እይታ ግን ከልደት በኋላም ለወራት ይጎለምሳል። ተናጋሪዎቹ የሚሉት ግን ይህን አይደለም።

(ፓክስ6ን «የዓይን ንድፍ» ማለትም እየተለመደ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የዋልተር ጌህሪንግ ቡድን የአይጥን ፓክስ6 በዝንብ እግር ላይ ሲያነቃው የበቀለው የዝንብ ዓይን እንጂ የአይጥ ዓይን አልነበረም። ጂኑ ሥራውን ያስጀምራል፤ ንድፉን ብቻውን አልያዘም።)

ሁለተኛው ስንክል የከፋ ነው፤ ከራሱ ከሙስሐፉ የሚነሳ ነውና። በዚያው በሰጅዳ ሱራ፣ ሦስት አያዎች ብቻ ወረድ ብሎ፣ በ12ኛው አያ ወንጀለኞች በጌታቸው ፊት አንገታቸውን ደፍተው ሲናገሩ ማየት ከመስማት ይቀድማል። በከህፍ 26ም እንዲሁ ነው። ሲያስተባብሉት የኖሩትን ነገር በዓይናቸው ላዩ ሰዎች እይታ መቅደሙ ከንግግሩ ቦታ ጋር ይስማማል፤ ቅደም ተከተሉን የሚወስነው የንግግሩ መቅረቢያ እንጂ የፅንስ የቀን መቁጠሪያ አይደለም። ማስረጃውን በደርስ የሰማ ተማሪ በማግስቱ የባዮሎጂ መጽሐፉንና ሙስሐፉን ጎን ለጎን ዘርግቶ ቢጠይቅ፣ መምህሩ የሚያፍረው በአያው ሳይሆን ራሱ በጫነበት ትርጓሜ ነው፤ ልጁ ግን ሁለቱን ለይቶ ላያይ ይችላል።