የሎግ አያያዝ ጥራት በምን ይታወቃል?

የዳታቤዝ አስተዳዳሪን ሥራ ስመዝን የሎግ ፋይሉ ትንሽ መሆኑ አያስደንቀኝም። የማየው መጠኑ ከወር እስከ ወር ባለበት መርጋቱን ነው። በማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ዳታው 20 ጊጋባይት ሆኖ ሎጉ 200 ደርሶ ከተገኘ፣ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው፦ ዳታቤዙ «ፉል» በሚባለው ሪከቨሪ ሞዴል ላይ ነው፣ ሙሉ ባክአፕ በየሌሊቱ ይወሰዳል፣ የሎግ ባክአፕ ግን የለም። ሙሉ ባክአፕ የሎጉን ቦታ አያስለቅቅም። ስለዚህ ባክአፑ በየቀኑ «ተሳክቷል» እያለ ዲስኩ ይሞላል፤ በመጨረሻም ስህተት ቁጥር 9002 ይመጣና ዳታቤዙ አዲስ ነገር መመዝገብ ያቆማል።

ሙያ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ደካማው ሞዴሉን ወደ «ሲምፕል» ይቀይርና ፋይሉን ሽሪንክ አድርጎ ወደ «ፉል» ይመልሳል። ዲስኩ ቦታ አገኘ፤ የሎግ ባክአፑ ሰንሰለት ግን ተበጠሰ። አዲስ ሙሉ ወይም ዲፈረንሻል ባክአፕ እስኪወሰድ ድረስ ሰንሰለቱ አይቀጥልም፤ በመሀል አደጋ ከደረሰ የዚያ ጊዜ ሥራ ጠፋ ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ሎግን እንዲሁ የሚቆርጠውን «ትራንኬት ኦንሊ» የተባለ አማራጭ በ2008ቱ እትም በማስቀረቱ ደግ አድርጓል፤ ልማዱ ግን በሞዴል ቅየራው በኩል ዞሮ ገብቷል።

ጎበዙ ምንም ከመንካቱ በፊት ሎጉ ለምን እንዳልተለቀቀ ሰርቨሩን ይጠይቃል። መልሱ «ሎግ ሪዩዝ ዌይት ዴስክ» በሚለው ዓምድ ላይ ተጽፎ ይገኛል። «ሎግ ባክአፕ» ካለ የሚጎድለው ባክአፕ ነው። «አክቲቭ ትራንዛክሽን» ካለ ግን አንድ ሰው ከፍቶ የተወው ሥራ አለ፤ እሱ ሳይዘጋ ባክአፕ ቢደጋገም ፋይዳ የለውም።

ሽሪንክ ራሱ ነውር አይደለም። መንስኤው ከተስተካከለ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ሎጉ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት የሚያስፈልገውን ያህል አስቀርቶ ማሳነስ ተገቢ ነው። በየሌሊቱ የሚሮጥ የሽሪንክ ጆብ ካየሁ ግን ሥራውን ዝቅ አድርጌ እመዝነዋለሁ። ነገ መልሶ ያድጋልና። ከ2022ቱ እትም በፊት ደግሞ ሎግ ባደገ ቁጥር አዲሱ ቦታ በሙሉ በዜሮ እስኪሞላ ተጠቃሚው ይጠብቅ ነበር። በትንሽ በትንሹ የሚያድግ ሎግ ውስጡ ብዙ ቦታ ይከፋፈላል፣ ሪስቶርንም ያዘገያል።

የባክአፑን ድግግሞሽ በተመለከተ አስተዳዳሪውን «ለምን በየ15 ደቂቃው?» ብዬ እጠይቃለሁ። «የሥራው ባለቤት ከ15 ደቂቃ በላይ ማጣት አንችልም ስላሉ» ካለኝ ደስ ይለኛል። «ሁሉም እንደዚያ ስለሚያደርግ» ካለ ግን ገና አልጨረሰም። የባክአፕ ፋይሎቹ ከዳታቤዙ ጋር አንድ ዲስክ ላይ ከተቀመጡም እንደዚያው።

ትልቁ ፈተና ሪስቶር ነው። «ከጠዋቱ 4፡42 ላይ አንድ ሰንጠረዥ ተሰርዟል፤ 4፡41 ላይ እንደነበረ በሌላ ሰርቨር አሳየኝ» እላለሁ። ሙሉውን ባክአፕ «ኖ ሪከቨሪ» ብሎ ያስገባል፣ ሎጎቹን በተራ ያስከትላል፣ በመጨረሻው ላይ «ስቶፕ አት» ብሎ ደቂቃውን ይሰጣል። ከመካከል አንድ ፋይል ከጎደለ ከዚያ ወዲያ ያሉት ሁሉ አይገቡም። ከሁሉ በላይ የምጠብቀው ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የሚያደርገውን ነው፦ ዋናው ሰርቨር ላይ ገና ባክአፕ ያልተወሰደለትን የሎጉን ጅራት መጀመሪያ ባክአፕ ይወስዳል ወይስ በቀጥታ ወደ ሪስቶር ይሮጣል?