ጀጎል ወይስ ኮንሶ?

ኮድ ጽፌ የምተዳደር ሰው ነኝ። ላፕቶፕ፣ መብራትና ኔትወርክ ካለ የትም ሆኜ ሥራዬን እሠራለሁ። በሙያው ያሉ እኩዮቼም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ ሻይ ላይ ስንቀመጥ አንድ ጥያቄ አይጠፋም፦ ከአዲስ አበባ ብንወጣ የት እንኑር? አንዱ «ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ» ይላል። ሌላው «ኧረ ገጠር ይሻላል! ኮንሶ፣ የሣር ቤት ውስጥ» ይላል። ሁለቱም ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያሳያሉ። ፎቶ ግን ቤቱ ምን እንደሚመስል ቢያሳይም ከነዋሪው ምን እንደሚጠይቅ አይናገርም። ይህን ለማወቅ የሚሻለው መጽሐፍ ነው።

ስለ ሁለቱ ቦታዎች የተጻፉ ሁለት መጻሕፍትን ጎን ለጎን አነበብኩ። የመጀመሪያው የካናዳዊቷ ካሚላ ጊብ ልብ ወለድ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው «ስዊትነስ ኢን ዘ ቤሊ» ነው። ጊብ የአንትሮፖሎጂ ጥናቷን የሠራችው ሐረር ነው። ሁለተኛው ክሪስቶፈር ሆልፓይክ ስለ ኮንሶ ሕዝብ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተመው ጥናት ነው። አንዱ ተረት፣ አንዱ ጥናት፤ ምን ያገናኛቸዋል ትሉ ይሆናል። እኔን የገረመኝም እሱ ነው፦ ስለ ከተማው ልብ ወለድ፣ ስለ መንደሩ ጥናት የተጻፈው በአጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። ክርክሩን «ግንብ ያለው ከተማ» እና «ክፍት መንደር» ብሎ መክፈል ኮንሶ ላይ አይሠራም። የኮንሶ መንደሮችም በድንጋይ ካብ የታጠሩ ናቸው። ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ የተካበ ድንጋይ ከአንድ እስከ ስድስት ዙር ይከባቸዋል። ሰው ሲበዛ ከውጭ ሌላ ዙር ይጨመራል። የሐረር ግንብ ግን አንድ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያስገነቡት መሆኑ ይነገራል፤ የሚከበው ቦታ 48 ሄክታር ያህል ነው። ከተማው ሲያድግ ግንቡ ባለበት ቀረ፣ አዲሱ ሰፈር ውጭ ተሠራ። ዩኔስኮ ሁለቱንም መዝግቧል፤ ጀጎልን እ.ኤ.አ. በ2006፣ ኮንሶን በ2011። እንግዲህ ልዩነቱ ግንብ መኖር አለመኖሩ ላይ አይደለም። ዋናው ጥያቄ ግንቡ ውስጥ እንግዳ ቦታ አለው ወይ የሚለው ነው።

የጊብ ልብ ወለድ የተሠራው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ሊሊ ከአውሮፓውያን ወላጆች የተወለደች፣ ሞሮኮ ውስጥ በሱፊ ሥርዓት ያደገች ሙስሊም ነች። ሐረር ስትደርስ የሚቀበላት የባለጸጋ ቤት አይደለም። የምታርፈው ኑሪያ ከምትባል ድሃ የኦሮሞ ሴት ዘንድ ነው። ቦታዋን የምታገኘውም ለሰፈሩ ልጆች ቁርዓን እያስቀራች ነው። ደራሲዋ የከተማውን መደብ፣ የቆዳ ቀለም ንቀቱንና ድህነቱን አልደበቀችም። ይህ ትልቅ ጥንካሬዋ ነው። ድክመቷ ሌላ ነው። ግማሹ ታሪክ ለንደን ውስጥ፣ በስደት ስለሚካሄድ ሐረር የምትታየን በናፍቆት በኩል ነው። ናፍቆት ደግሞ ውኃ መቅዳቱንም ሆነ የጎረቤት ወሬውን ያጣፍጠዋል። ለመኖር የሚመርጥ አንባቢ ይህን ቀንሶ ማንበብ አለበት።

የሆልፓይክን መጽሐፍ ሳነብ በር ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ሰው የሚታየው የጎሳው፣ የሰፈሩና የትውልድ እርከኑ አባል ሆኖ ነው። በትውልድ ሥርዓቱ የልጅ ቦታ የሚነሣው ከአባቱ ቦታ ነው። ወጣቶች ሞራ በሚባለው የጋራ ቤት እያደሩ መንደሩን ይጠብቃሉ። እርከኑ፣ ካቡ፣ ማሳው ሁሉ በጋራ ጉልበት የቆመ ነው። በእኛ ቋንቋ ልናገር፦ ይህ ሥርዓት የሚሠራው ሁሉም ተጠቃሚ የጥገና ቡድኑም አባል ስለሆነ ነው። «ተጠቃሚ ብቻ» የሚል አካውንት የለውም። አባቴ የኮንሶ ሰው ካልሆነ፣ ካብ ካልካብኩ፣ ማሽላ ካልዘራሁ፣ እዚያ ላፕቶፕ ይዤ የምቀመጠው ምን ሆኜ ነው? ብዙ ዓመት የቆየ ቱሪስት ሆኜ ነው።

የመንደር ልብ ወለድ የለም ማለቴ አይደለም። በአማርኛ ትልቁ ልብ ወለዳችን፣ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ ገጠር ነው የሚኖረው። ግን ታሪኩን ምን እንደሚያስነሣው ተመልከቱ። በዛብህ ከማንኩሳ ወደ ዲማ የመጣ ተማሪ ነው፤ ለማስተማር የባላባት ቤት ይገባል፣ ይወድዳል፣ መጨረሻው ሽሽት ነው። የሚሸሸውም ወደ ከተማ፣ ወደ አዲስ አበባ ነው። መንደር ውስጥ እንግዳ ሲገባ ነገር ይነሣል፤ ከተማ ውስጥ ግን እንግዳ የዕለት ተዕለት ነገር ነው።

ጀጎል የተሠራው ለዚህ ነው። የሸዋ በር፣ የቡዳ በር፣ የሰንጋ በር፣ የኤረር በር፣ የፈላና በር፤ አምስቱ ጥንታዊ በሮች ነጋዴና ገበሬ ሲያስገቡና ሲያስወጡ ኖረዋል። የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ጌ ጋር፣ አምስት መደብ አለው። ማን የት እንደሚቀመጥ በማዕረግ ይታወቃል። ማዕረግ መኖሩ ደስ አይልም፤ ግን ከውጭ ለመጣ ሰውም የሚቀመጥበት ይኖረዋል ማለት ነው። ከመደቡ ተነሥቶ ከፍ ለማለት ግን ዘመን ይፈጃል። ሊሊም ያየችው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ጀጎል ነው፤ ምክንያቱ ግን ውበት አይደለም። መንደር የሚያኖረው አባሉን ነው፣ ከተማ እንግዳንም ያኖራል። እኔ ደግሞ የትም ብሄድ እንግዳ ነኝ። ኮንሶን ያልመረጥኩት ስላነሰብኝ ሳይሆን እኔ ስላነስኩት ነው።

ይህ ፍርድ ግን ከተማውንም እንዳሻን እንድንይዘው አይፈቅድም። ዛሬ አንዳንድ ጌ ጋር የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል። ደመወዛችን ከሰፈሩ ኪራይ ጋር የማይመጣጠን እኛ በብዛት ብንገባ ደግሞ ሊሊን ያስጠጋችው የኑሪያ ዓይነት ሴት መጀመሪያ ትወጣለች። ግንቡ ይቆማል፣ ሰፈሩ ያልቃል። እዚያ የሚሄድ ሰው ኮንሶዎች የሚያውቁትን ይዞ ቢሄድ ጥሩ ነው። ለቅሶ ይድረስ፣ መዋጮ ይክፈል፣ የፈረሰ ግድግዳ ሲጠገን ጭቃ ያቀብል። በኮድ ዓለም የቆየ ሥርዓትን ማድነቅ ቀላል ነው፤ ከባዱ መጠገን ነው። በድንጋይም ያው ነው።