«የትኋን መድኃኒት» የሚባለው መርዝ

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ አሮጌ መንደሮች ትኋን ሲበዛ ነዋሪው «መድኃኒት» ይገዛል። የሚረከበው ግን ከትልቅ ዕቃ ተቀድቶ «ሃይላንድ» በሚባለው ባዶ የውኃ ፕላስቲክ የተሞላ ማላታዮን ወይም የቅርብ ዘመዱ ዳያዚኖን ሊሆን ይችላል። አማርኛው ሕመም የሚፈውሰውንም ተባይ የሚገድለውንም በአንድ ስም ይጠራል፤ መዘናጋቱም ከዚሁ ስም ይጀምራል።

ማላታዮን ያለ ምክንያት አልተስፋፋም። በገጠር የጎተራ እህልን ከነቀዝ ይጠብቃል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በአደገኛነት ምደባው ዝቅ ባለው 3ኛ መደብ አስቀምጦታል። ብዙ የጤና ባለሙያዎች «ቀላሉ ኦርጋኖፎስፌት» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ ቀላልነቱ የተመሠረተው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ የሰው አካል ካርቦክሲልኤስተሬዝ በተባለ ኢንዛይም አማካይነት ማላታዮንን ወደ መርዛማው ማላኦክሰን ከመለወጡ በፊት ይሰባብረዋል። ማላታዮን በሙቀት ሲከማች አይሶማላታዮን የተባለ ውሕድ ይፈጠርበታል፤ ይህም ኢንዛይሙን ራሱን ያግታል። እ.ኤ.አ. በ1976 በፓኪስታን በወባ መከላከል ዘመቻ ከተሰማሩት 7,500 ያህል ርጭት ሠራተኞች 2,800 ያህሉ የተመረዙት፣ 5ቱም የሞቱት በዚሁ «ቀላል» ኬሚካል ነበር። ምደባው ስለ ንጹሑ ውሕድ እንጂ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ስለ ከረመው ጠርሙስ አይናገርም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 ማላታዮንንና ዳያዚኖንን በ2ሀ ምድብ፣ ማለትም ካንሰር ያመጣሉ ተብለው በብርቱ ከሚጠረጠሩት ተርታ መድቧቸዋል።

ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ባሠሯቸው ቤቶች ስሙን ያገኘው ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. አሮጌ መንደሩ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ተዛውሯል። ፍራሹና ልማዱ ግን አብረውት ሳይሄዱ አይቀሩም። ምግብ በሚበሰልበት፣ ሕፃን በሚድህበት አንድ ክፍል ፍራሽ ላይ መርጨት፣ በርም መዝጋት የትም ቢሆን ያው ነው። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ስለ ምዝገባና ስለ መለያ ጽሑፍ ደንግጓል፤ ነገር ግን ተቀድቶ የተሸጠ ጠርሙስ መለያ የለውም።

ትችቱ ለሕክምናውም ይደርሳል። ቤተሰብ ወተት ያጠጣል፣ ያስመልሳል፤ ፈሳሹ የተሟሟበት ነዳጅ መሰል ቅልቅል ወደ ሳምባ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። በድንገተኛ ክፍል ደግሞ የአትሮፒን በቂነት በዓይን ብሌን ሲለካ ይታያል። መለኪያው ደረት ከፈሳሽ መጥራቱ፣ የልብ ምት ከ80 በላይ መሆኑና የደም ግፊት መሻሻሉ ነው፤ እስከዚያ ከ1 እስከ 3 ሚ.ግ. ተጀምሮ በየ5 ደቂቃው እጥፍ ይሰጣል። «ምን ጠጣ?» ለሚለው ጥያቄ «የትኋን መድኃኒት» የሚለው መልስም አይበቃም። ማላታዮን ዲሜቲል ወገን በመሆኑ የታገተው ኢንዛይም በ4 ሰዓት ገደማ ውስጥ በግማሽ ያረጃል፤ ዲኤቲል የሆነው ዳያዚኖን ግን 33 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ፕራሊዶክሲም ቢገኝ እንኳ የሚጠቅመው ኢንዛይሙ ሳያረጅ ነውና አስታማሚን ጠርሙሱን አምጣ ብሎ መላክ የምርመራው አካል ነው። የአንገትና የመተንፈሻ ጡንቻ መዛል ከ24 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊከተል ስለሚችል፣ ራሱን ከትራስ ማንሣት የተሳነው ታማሚ ደረቱ ቢጠራም ወደ ቤቱ አይሸኝም።