ድራም መቺው ሲመለስ

ሰሞኑን ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ማኪያቶአችን እስኪቀዘቅዝ ያጨቃጨቀን ጉዳይ ይህ ነው። በግቢያችን የሚጫወት አንድ የተማሪዎች ባንድ አለ። አምና ተኳርፎ የወጣው ድራም መቺ ዘንድሮ «ልመለስ» ብሏል። ከአባላቱ ግማሾቹ «ይምጣ» ሲሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ «ኪቦርዱ ውስጥ ምት ሞልቶ የለ! እሱ ለምን ያስፈልገናል?» ይላሉ። ነገሩ የልጆች ኩርፊያ ይመስላል እንጂ ውስጡ የኪነ ጥበብ ጥያቄ አለበት። ድራም መቺ ሲሄድ ከሙዚቃው ምን ይጎድላል? ሲመለስስ ምን ይለወጣል?

ጥያቄው የኛ ብቻ አይደለም። ፕሮግሬሲቭ ሜታል በሚባለው ከባድ ሮክ ስሙ የገነነው የአሜሪካው ድሪም ቲያትር፣ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነውን ድራም መቺ ማይክ ፖርትኖይን በ2010 አጥቶ በ2023 መልሶ አገኘው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን እንቆጥራለን)። «ፓራሶምኒያ» የተባለው አልበማቸው በ2025 ሲወጣ አድማጩ ጆሮውን ያቆመው «የድሮው ድምፅ ተመለሰ ወይ?» ብሎ ነው። እኛ ግን ጥያቄው ራሱ ተጣሟል እንላለን። ይህን ለማሳየት አሜሪካ ድረስ በሮክ ፍለጋ መሄድ አያሻንም፤ የኃይሉ መርጊያ ሦስት ሥራዎች ይበቁናል።

አንደኛው ዋልያስ ባንድ በ1977 ያወጣው «ቼ በለው» ነው። ኦርጋኑ ላይ ኃይሉ፣ ድራሙ ላይ ተማረ ሐረጉ። አዲስ አበባ ሂልተን ማታ ማታ አብረው ሲጫወቱ የኖሩ ሰዎች ስለሆኑ አንዱ የጀመረውን ሌላው ሳይጠራ ይቀበለዋል። ምቱና ዜማው ተለይተው አይሰሙም፤ አንድ አካል ናቸው።

ሁለተኛው ሌላ ዓለም ነው። ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ከተዘዋወረ በኋላ ለሁለት ተከፈለ፤ ከፊሉ አገሩ ገባ፣ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 ብቻውን አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖና ሲንተሳይዘር እየደራረበ አንድ ካሴት ቀዳ። ምቱን የያዘው የሪትም ማሽን ነው። ማሽን አይደክምም፣ አይሳሳትም፤ ግን አይሰማም። ኃይሉ አኮርዲዮኑን ቢያስለቅሰው ያችኑ ይመታል፣ ቢያስቀውም ያችኑ ይመታል። ታዲያ ካሴቱ ደካማ ነው? ኧረ በፍጹም! መልስ ከማይሰጥ ጓደኛ ጋር ሌሊቱን የሚያወራ ሰው ይመስላል፤ ውበቱም ከዚያው ጉድለት የመጣ ነው። «ማሽን ሙዚቃን ይገድላል» የሚሉ ወዳጆቻችን ይህን ሰምተው ይፍረዱ።

ሦስተኛው የ2018ቱ «ላላ በሉ» ነው። እዚህ ድራሙን የያዘው አውስትራሊያዊው ቶኒ በክ ነው። ልብ እንበል፤ ተማረ ሐረጉ አልተመለሰም፤ የተመለሰው የድራም መቺው ወንበር ነው። ቶኒ በክ ዘ ኔክስ በተባለው የሦስት ሰዎች ቡድን ውስጥ አንዱን ሐሳብ እየፈጠረ ለአንድ ሰዓት ያህል ሲያንከባልል የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ችክችካውን እንደ ሰርግ ቤታችን አይመታውም። አንዳንድ ቦታ ሲበዛበት የከበሮ አገር ሰው ጆሮ ቅር ይለዋል። ይሁን እንጂ ዋናው ለውጥ ያለው ኃይሉ ጣት ላይ ነው። በ1985 ባዶውን ቦታ ሁሉ ራሱ መሙላት ነበረበት። በ2018 ግን ሐረጉን በግማሽ ትቶ ዝም ማለት ይችላል፤ ዝምታውን የሚቀበል ሰው አለና። የአልበሙ መዝጊያ «የፍቅር እንጉርጉሮ» ደግሞ ፒያኖ ብቻ ነው። ድራሙ የለም፤ አለመኖሩ ግን ይሰማል። ያኔ እጦት የነበረው ብቸኝነት እዚህ ምርጫ ሆኗል።

እንግዲህ ድራም መቺ ሲመለስ የሚመለሰው ያለፈው ድምፅ ሳይሆን አዳማጭ ነው። እዚሁ ጎንደር አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ይህን ያውቀዋል። አዝማሪው ግጥም ሲቀበል ከበሮ መቺው እጁን ቀለል ያደርጋል፤ ቤቱ በሳቅ ሲፈነዳ ደግሞ ደህና አድርጎ ያወርደዋል። ይህን የሚያደርገው ቆጥሮ አይደለም፤ ሰምቶ ነው።

ስለዚህ ለግቢያችን ባንድ ያለን ሂስ አጭር ነው። ልጁ ይምጣ። ግን ያምናውን ዘፈን እንዳምናው እንዲመታ አትጠይቁት፤ አምና አልፏል፣ እናንተም ያለ እሱ አንድ ዓመት ሙሉ ተጫውታችኋል። ባለ ኪቦርዱም አንድ እጁን ያንሳ። ሁሉን ቦታ ሞልቶ የሚጠብቅ ባንድ ለተመላሽ የሚሰጠው ወንበር እንጂ ሥራ አይደለም። ልጁም ቢሆን ከመምታቱ በፊት ሁለት ሦስት ቀን ቁጭ ብሎ ቢሰማ አይጠላም።