ነገር ጨራሾች

የመንገድ ዳር የታሪክ ሰሌዳ የሚጻፈው ለአላፊ አግዳሚ ነውና አጭር መሆን አለበት። በዚህ አልጣላም። የምጣላው በዚያች አጭር ቦታ ምን ተጽፎ ምን እንደቀረ ሳይ ነው።

ከዋሽንግተን ዲሲ በብላደንስበርግ ጎዳና ወጥታችሁ ሜሪላንድ እንደገባችሁ፣ ኮልማር ማኖር የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰሌዳ አለ። አካባቢው የእኛ ሰው የበዛበት ስለሆነ በታክሲም በቤት መኪናም በአጠገቡ የሚያልፈው ሐበሻ ቀላል አይደለም። ሰሌዳው የሚለው ባጭሩ ይህንን ነው፦ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ እዚህ ቦታ ላይ ከ50 በላይ ፍልሚያዎች ተካሂደዋል። የዋሽንግተን ጨዋ ሰዎች የፖለቲካና የግል ጠባቸውን እዚህ ይጨርሱ ነበር። እጅግ ከታወቁት አንዱ የሆነው የኮሞዶር ስቲቨን ዲኬተርና የኮሞዶር ጄምስ ባረን ጉዳይም ማርች 22 ቀን 1820 እዚሁ አለቀ፤ ዲኬተር ለሞት የሚያበቃ ቁስል ቆሰለ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ጨረሱ»፣ «አለቀ»! እስቲ ምኑ ነው ያለቀው? በእኛ አገር «ነገሩን ጨረሱት» የሚባለው ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ በዳይ ክሶ፣ ተበዳይ ይቅር ብሎ ሲነሱ ነው። ሁለት ሰዎች ቀጠሮ ይዘው፣ እርምጃ ለክተው ተታኩሰው አንዱ ከሞተ ያለቀው ሰውየው እንጂ ነገሩ አይደለም።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ሰሌዳው የተወውን ሥር እንየው። በ1807 ባረን የሚያዝዛት ቼሳፒክ የተባለች የአሜሪካ የጦር መርከብ፣ ሌፐርድ በምትባል የእንግሊዝ መርከብ በድንገት ተደብድባ ወዲያው እጅ ሰጠች። እንግሊዞቹም «ከእኛ የከዱ ናቸው» ያሏቸውን አራት መርከበኞች ይዘው ሄዱ። ባረን በጦር ፍርድ ቤት ተከሰሰ፤ ለአምስት ዓመት ያለ ደመወዝ ከሥራ ታገደ። ከፈረዱበት መኮንኖች አንዱ ዲኬተር ነበር። ዲኬተር ማለት በ1804 ጠላት የማረካትን ፊላደልፊያ የተባለች መርከብ ትሪፖሊ ወደብ ድረስ ገብቶ ያቃጠለ፣ አገር ያጨበጨበለት ጀግና ነው። ኋላም ባረን ወደ ባሕር ኃይል ልመለስ ሲል ዲኬተር አጥብቆ ተቃወመ።

እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ የሥራ ነው። የክብር ጉዳይ ያደረገው ወሬ ነው። በጁን 1819 ባረን ለዲኬተር ደብዳቤ ጻፈ። «ኖርፎክ ከተማ ውስጥ እንደ ሰማሁት ከሆነ፣ ‹ባረንን ብሰድበው ምንም አያመጣም› ብለሃል አሉ» የሚል ይዘት ያለው ነው። እዩልኝ፤ «አሉ» ነው! ዲኬተር አላልኩም ብሎ መለሰ። ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። ነገርን ነገር እያነሳው፣ ደብዳቤውም እየመረረ ወራት ፈጀ፤ መጨረሻው የሽጉጥ ቀጠሮ ሆነ።

አሁን ሰሌዳው ጨርሶ ወደ ዘለላቸው ሁለት ሰዎች ልምጣ። በፍልሚያ ሕግ እያንዳንዱ ተፋላሚ አንድ አጃቢ ይይዛል። የአጃቢው የመጀመሪያ ግዴታ ሽጉጥ መመርመር አልነበረም፤ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ማስታረቅ ነበር። የዲኬተር አጃቢ ዊልያም ቤይንብሪጅ፣ የባረን ደግሞ ጄሲ ኤሊየት ነበሩ። ቤይንብሪጅ ከዲኬተር ጋር ለዓመታት ተኳርፎ የታረቀው በቅርቡ ነው። ኤሊየትም በ1813ቱ የኢሪ ሐይቅ ውጊያ ሰበብ ከኦሊቨር ፔሪ ጋር የከረረ ቂም ነበረው፤ ፔሪ ደግሞ የዲኬተር ወዳጅ ነበር። ሁለቱ «ሽማግሌዎች» ተስማምተው የወሰኑት የባረን ዓይን ደካማ ስለሆነ ርቀቱ 8 እርምጃ ብቻ እንዲሆን ነው። በ8 እርምጃ ማን ይስታል?

ከሁሉ የሚያንገበግበው ከመተኮሱ በፊት የሆነው ነው። ባረን ዲኬተርን፣ በወዲያኛው ዓለም ስንገናኝ ከዚህ የተሻልን ወዳጆች እንደምንሆን ተስፋ አደርጋለሁ አለው ይባላል። ዲኬተርም፣ እኔ ጠላትህ ሆኜ አላውቅም ብሎ መለሰ። እንግዲህ ከዚህ በላይ የእርቅ በር እንዴት ይከፈት? የእኛ አገር ሽማግሌ ቢሆን «በቃ፣ በሉ ተሳሳሙ!» ብሎ መሐል ይገባ ነበር። አጃቢዎቹ ግን ቆጠሩ። ሁለቱም ተመቱ፤ ዲኬተር ዋሽንግተን ወደሚገኘው ቤቱ ተወስዶ በዚያው ሌሊት ሞተ።

«አለቀ» የተባለው ነገር ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ለቀብሩ ፕሬዚዳንት ሞንሮ ሳይቀር ወጣ። ሚስቱ ሱዛን ያንን ትልቅ ቤት ለቅቃ በዕዳና በአቤቱታ ብዙ ዓመት ተንከራተተች። ባረን 31 ዓመት ኖሮ በ1851 ሞተ፤ የባሕር ኃይሉ የዕድሜ በኩር እስከ መሆን ደርሶም መርከብ የሚያዝበት ዕድል ግን ዳግመኛ አላገኘም። የዲኬተር ስም ለብዙ ከተሞች ተሰጠ፤ አትላንታ አጠገብ ያለችው፣ ብዙ የእኛ ሰዎች በአድራሻቸው ላይ የሚጽፏት ዲኬተር አንዷ ናት። የአጃቢዎቹን ስም ግን ሰሌዳው አላነሣውም።

ሰሌዳው ኮንግረስ በ1839 ፍልሚያን የሚከለክል ሕግ ማውጣቱን ይጠቅሳል፤ ሰበቡን ግን አይናገርም። ሰበቡ በ1838 የሜይኑ የምክር ቤት አባል ጆናታን ሲሊ በኬንታኪው ዊልያም ግሬቭስ መገደል ነው። ሁለቱ የግል ጠብ አልነበራቸውም። ግሬቭስ የአንድ ጋዜጣ አዘጋጅ ደብዳቤ ይዞ መጣ፤ ሲሊ አልቀበልም አለ፤ ግሬቭስ ተናቅሁ ብሎ ቀጠሮ ጠየቀ። በሦስተኛው ዙር ተኩስ ሲሊ ወደቀ። መልእክተኛ ሆኖ መጥቶ ገዳይ ሆኖ ተመለሰ።

ይህ የፈረንጅ ጉድ ነው ብለን እንዳናልፈው እፈራለሁ። እኛም ደም መላሽ የሚፎከርለት፣ የታረቀ ግን «ፈሪ» የሚባልበት ቀዬ እናውቃለን። ደም ማድረቅም፣ ጉማም፣ ካሳም ያለን ሕዝብ ነን፤ ከዚህ ጋር «አንተ ደግሞ ወንድ ነህ?» የሚል አጎትም አለን። ዛሬ ደግሞ ሽጉጥ አያስፈልግም። በማኅበሩ፣ በዕድሩ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ሰዎች ሲጋጩ ማታ ስልክ ደውሎ «እንዲህ አለህ እኮ!» የሚለውን ቁጠሩት። ጠቡ ሲከፋ ሁለቱ ይወቀሳሉ፤ ደዋዩ ግን እንደ ቤይንብሪጅና እንደ ኤሊየት ከሰሌዳው ውጪ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። ያዋጋውንስ ማን ያስታውሰዋል?

ስለዚህ የኮልማር ማኖር ሰሌዳ ቢታረም ብዙ ቦታ አይፈጅም። «ጠባቸውን ጨረሱ» የሚለው ወጥቶ «ሊታረቁ ሲችሉ የሚያስታርቃቸው አጡ» ቢባል፣ ከሥሩም የሁለቱ አጃቢዎች ስም ቢጨመር ይበቃል። በመኪና የሚያልፈው ሰው እስከ መብራቱ ድረስ የሚያስበው ነገር ያገኛል፤ ማታ ስልክ ለመደወል የተዘጋጀውም ጭምር።